የትራንስፎርመሩ ዋጋ በማን መዝገብ ይጻፋል?

ባቱ፦ በደንበል ሐይቅ ዳርና በቡልቡላ ወንዝ ግራና ቀኝ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጥቅል ጎመን የሚያለማው ገበሬ ውኃውን ወደ ማሳው የሚያወጣው በአብዛኛው በነዳጅ በሚሠራ ሞተር ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በነዳጅ ላይ ያደርግ የነበረውን ድጎማ ደረጃ በደረጃ እያነሣ በመምጣቱ የሞተሩ ወጪ ለአምራቹ ከባድ ሸክም ሆኗል። በመሆኑም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ መትከል የመስኖ ማኅበራት መወያያ ርእስ ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም።

በእንዲህ ዓይነቱ ስብሰባ ላይ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ለምሰሶ፣ ለሽቦና ለትራንስፎርመር እያንዳንዱ አባል ስንት ያዋጣ የሚለው ነው። ገንዘቡ ተዋጥቶ፣ ትራንስፎርመሩ ምሰሶ ላይ ወጥቶ፣ ፓምፑ ውኃ መሳብ ከጀመረ በኋላ ንብረቱ በማን መዝገብ፣ በምን ዋጋ፣ ስንት ዓመት ያገለግላል ተብሎ ይጻፋል የሚለው ግን እምብዛም አይነሣም። ይህ የሒሳብ ሹሞች ጉዳይ እንጂ የገበሬ ማኅበር ጉዳይ ተደርጎ አይታይም። ይሁን እንጂ ትራንስፎርመሩ የተቃጠለ ዕለት፣ የመብራት ታሪፍ በተከለሰ ጊዜና የማኅበሩ ሒሳብ በኦዲተር በተመረመረ ጊዜ ይኸው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ያን ጊዜ መልሱን የሚሰጠው በመዝገብ የሰፈረው ጽሑፍ ነው።

ስለዚህ የመብራት ድርጅቶች መዝገባቸውን እንዴት እንደሚጽፉ የማኅበራት መሪዎች በመጠኑም ቢሆን ማወቅ ይኖርባቸዋል። ነገሩ በስሙ እንደሚያስፈራው ከባድ አይደለም።

በመጀመሪያ ማን ማን እንደሆነ መለየት ያሻል። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ሆነ። ኮርፖሬሽኑም በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፈለ። ኃይል ማመንጫዎቹንና የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሮቹን የያዘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሲሆን፣ በየከተማውና በየቀበሌው የተዘረጋውን የማከፋፈያ መስመር፣ ትራንስፎርመሩንና ቆጣሪውን ይዞ ለደንበኛ የሚሸጠው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ሕዝቡ ሁለቱንም እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» ይላቸዋል። በሒሳብ በኩል ግን ሁለት የተለያዩ ቤቶች ናቸው። አገልግሎቱ ኃይሉን ከመጀመሪያው በጅምላ ገዝቶ በችርቻሮ ይሸጣል። ስለዚህ ለአንደኛው ገቢ የሆነው ለሁለተኛው ወጪ ነው። ገበሬው የሚዋዋለው ከአገልግሎቱ ጋር ቢሆንም በሚከፍለው ሒሳብ ውስጥ የሁለቱም ወጪ አለ።

መዝገቡ የሚጻፍበትን ሥርዓት በሚመለከት በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847 ትላልቅ ድርጅቶች ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎችን እንዲከተሉ ያስገድዳል። አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። ደረጃዎቹ እያንዳንዱን ነገር በቁጥር ቆርጠው አያስቀምጡም። ድርጅቱ የራሱን የሒሳብ አያያዝ ፖሊሲ መርጦ፣ ምርጫውን በዓመታዊ ሪፖርቱ ማስታወሻ ላይ እንዲገልጽ ያዛሉ። ከቁጥሮቹ ሠንጠረዥ ቀጥሎ በጽሑፍ የሚመጡት ገጾች እነዚህ ናቸው። አብዛኛው ሰው ትርፍና ኪሳራውን አይቶ ያልፋቸዋል። ትርፉ ከየት እንደመጣ የሚነግሩት ግን እነርሱ ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው የእርጅና ቅናሽ ነው። አንድ ገበሬ በ200 ሺህ ብር ፓምፕ ገዛ እንበል። ፓምፑ አምስት ዓመት ያገለግላል ብሎ ካሰበ በየዓመቱ የ40 ሺህ ብር ፓምፕ እየበላ ነው ማለት ነው። ሽንኩርቱን ሸጦ የዘሩን፣ የማዳበሪያውን፣ የነዳጁንና የጉልበቱን ከፍሎ 150 ሺህ ብር ቢተርፈው እውነተኛ ትርፉ 110 ሺህ ብር ብቻ ነው። 40 ሺውን ትርፍ ነው ብሎ ለሠርግ ያዋለው ሰው በስድስተኛው ዓመት ፓምፕ መግዣ ያጣል። የመብራት ድርጅትም ምሰሶውን፣ ሽቦውን፣ ትራንስፎርመሩንና ቆጣሪውን የሚጽፈው በዚሁ ዓይነት ነው። ደረጃው ዋና ዋና ክፍሎች ተለያይተው በየራሳቸው ዕድሜ እንዲሰሉ ይጠይቃል። በምስጥ የሚበላ የእንጨት ምሰሶና የኮንክሪት ምሰሶ እኩል አያረጁም፤ ቆጣሪም እንደ ሽቦ ዕድሜ የለውም። ከዚህም ሌላ የተገመተው ዕድሜ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ይኸውም በአገራችን በጀት ዓመት ሰኔ 30 ላይ፣ እንደገና እንዲታይ ያስፈልጋል።

ዋናው ችግር የሚጀምረው ከዋጋው ላይ ነው። እስከ 1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ አንድ የአሜሪካ ዶላር የሚመነዘረው በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። በዚያ ዘመን በ5,000 ዶላር የተገዛ ትራንስፎርመር ቢኖር በመዝገብ የሰፈረው 10,350 ብር ተብሎ ነው። ለ25 ዓመት ቢከፋፈል የዓመቱ የእርጅና ቅናሽ 414 ብር ይሆናል። ዛሬ በዚያው 5,000 ዶላር ሌላ ለመተካት አንዱን ዶላር በ100 ብር እንኳ ብናስበው 500 ሺህ ብር ያስፈልጋል፤ ይህም በዓመት 20 ሺህ ብር ነው። ከዚህም አልፎ የዚያ ትራንስፎርመር 25 ዓመት ካለፈ ቆይቷል። በመዝገብ ዋጋው ዜሮ ሆኖ፣ ምሰሶ ላይ ግን እየጮኸ ሊሠራ ይችላል።

የቆቃ ግድብን ለምሳሌ ማንሣት ይቻላል። ከአዳማ ብዙም የማይርቀው ይህ ግድብ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን 43.2 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በዚያን ጊዜ ብር የተጻፈውን ዋጋ ብቻ ይዞ የሚሄድ መዝገብ ግድቡን ዛሬ ከአንድ አዲስ ሕንፃ ባነሰ ዋጋ ሊያሳየው ይችላል። በእንዲህ ዓይነት መዝገብ ላይ የቆመ ድርጅት ወጪው ትንሽ፣ ትርፉ ደኅና መስሎ ይታያል፤ የሚያገኘው ገንዘብ ግን የወደቀውን ለማንሣት አይበቃም።

ለዚህ ደረጃዎቹ ሁለት መንገድ ይሰጣሉ። አንደኛው ድርጅቱ ወደ ዓለም አቀፉ ሥርዓት በሚሸጋገርበት ጊዜ ብቻ የንብረቱን የወቅቱን ትክክለኛ ዋጋ አስገምቶ እንደ መነሻ ዋጋ መያዝ ነው። ሁለተኛው ንብረቱን በየጊዜው እያስገመቱ መጻፍ ነው። በሁለቱም መንገድ የንብረቱ ዋጋ ከፍ ሲል የእርጅና ቅናሹም ከፍ ይላል። ወጪው ከፍ ሲል ደግሞ ታሪፍ እንዲጨመር የሚቀርበው ጥያቄ ይጠነክራል። በሌላ አነጋገር የመዝገቡ እውነተኛነት ለገበሬው በነፃ አይመጣም። ይሁንና ሐሰተኛው መዝገብም ነፃ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ማሻሻያ እስኪደረግ ድረስ ታሪፉ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይለወጥ ቆይቶ ነበር። ለመኖሪያ ቤት የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት በ27 ሳንቲም ይሸጡ ነበር። ለከፋዩ ደስ የሚል ነገር ነው። በ27 ሳንቲም የተሸጠ መብራት ግን ምሰሶ አይተክልም። አነስተኛው ታሪፍ በመቋረጥ፣ በወረፋና «በጀት የለም» በሚል መልስ ተከፍሏል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ደግሞ በየሦስት ወሩ እየተጨመረ አራት ዓመት የሚዘልቅ አዲስ ታሪፍ ሥራ ላይ ውሏል። ስለዚህ መዝገቡ ውስጥ ያለው ወጪ የማን ወጪ እንደሆነ መጠየቅ ጊዜው አሁን ነው።

እዚህ ላይ ወደ ማኅበሩ ትራንስፎርመር እንመለስ። ለምሳሌ ያህል 30 አባላት ያሉት አንድ የመስኖ ማኅበር ከእያንዳንዱ 50 ሺህ ብር፣ በድምሩ አንድ ሚሊዮን ተኩል ብር አዋጥቶ መስመርና ትራንስፎርመር አስገባ እንበል። ንብረቱ 25 ዓመት የሚያገለግል ቢሆን የዓመቱ የእርጅና ቅናሽ 60 ሺህ ብር ነው። የመብራት ድርጅቱ ይህን በሦስት ዓይነት ሊጽፈው ይችላል፤ ሦስቱም ለገበሬው የተለያየ ውጤት አላቸው።

ጨርሶ ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል። ድርጅቱ ከኪሱ ያወጣው ስለሌለ ንብረቱ በመዝገቡ አይገባም። ይህ ለጊዜው ማንንም የሚጎዳ አይመስልም። ትራንስፎርመሩ የተቃጠለ ዕለት ግን በንብረት መዝገብ ቁጥር የሌለው ዕቃ በጥገና ዕቅድ ውስጥም ቦታ የለውም። ከሁሉ የከፋው ይኸኛው ነው።

ወይም አንድ ሚሊዮን ተኩሉ ብር ንብረት ተብሎ ይጻፍና በአንጻሩ ያው ገንዘብ በዚያው ዓመት ገቢ ተደርጎ ይያዛል። የዚያ ዓመት ትርፍ በአንድ ጊዜ ያብጣል። ከዚያ በኋላ ግን በየዓመቱ 60 ሺህ ብር የእርጅና ቅናሽ በወጪ ይታያል። ታሪፍ ሲሰላ ይህ ወጪ እንዳለ ከገባ ገበሬው አንድ ጊዜ በመዋጮ፣ ሁለተኛ በቆጣሪ ከፍሏል ማለት ነው።

ሦስተኛው ንብረቱን በሙሉ ዋጋው መጻፍና በአንጻሩ ያንኑ ያህል ገንዘብ ገና ያልተሠራበት ገቢ፣ ማለትም ድርጅቱ በአገልግሎት ሊመልሰው የሚገባ ዕዳ፣ አድርጎ መያዝ ነው። በየዓመቱ 60 ሺህ ብር ወጪ ሲታይ 60 ሺህ ብር ደግሞ ከዕዳው ወደ ገቢ ይዛወራል። አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ደንበኛው ያዋጣው ትራንስፎርመር በታሪፍ በኩል ተመልሶ አይጠየቅም።

ዓለም አቀፉ ደረጃ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው የቱን ይመርጣል ቢባል መልሱ ውሉን ተመልከት የሚል ነው። ከደንበኛ የሚመጣ ንብረትን በሚመለከት በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ልዩ ማብራሪያ ነበር። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእርሱ ፈንታ ከደንበኞች ጋር በሚደረግ ውል የሚገኝን ገቢ የሚመለከተው ደረጃ ተተክቷል። መመዘኛው ድርጅቱ ለተቀበለው ነገር ምን ሊሰጥ ቃል ገባ የሚለው ነው። መስመሩን ማገናኘት ብቻውን የተሟላ አገልግሎት ከሆነ ማገናኘቱ ሲያበቃ ገቢው ሊያዝ ይችላል። መዋጮው ከዚያ በኋላ ለሚሰጠው ዘላቂ አገልግሎት ጭምር የተከፈለ ከሆነ ግን ገቢው በየዓመቱ እየተከፋፈለ ይያዛል። ስለዚህ የውሉ ቃል አንድ ሚሊዮን ተኩል ብሩን ወዲያ ወይም ወዲህ ያዞረዋል። ገንዘቡን የሰጠው መንግሥት ሲሆን የሚሠራበት ደረጃ ሌላ ነው፤ እርዳታው ከንብረቱ ዕድሜ ጋር እየተከፋፈለ ገቢ ይሆናል፣ ወይም ከንብረቱ ዋጋ ላይ ይቀነሳል። በገጠር ኤሌክትሪክ ፕሮግራም የተዘረጉት መስመሮች በአብዛኛው በዚህ ዓይን የሚታዩ ናቸው። ከፊሉን መንግሥት፣ ከፊሉን ማኅበሩ የከፈለበት መስመር ደግሞ በሁለት ተከፍሎ መጻፍ ይኖርበታል።

በአያሌ አገሮች ታሪፍ የሚወስኑ አካላት ደንበኞች ያዋጡትን ንብረት ታሪፍ ከሚሰላበት የንብረት ድምር ውስጥ ያወጡታል። በእኛ አገር የታሪፍ ጥያቄን የሚመረምረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሲሆን ውሳኔው የመንግሥት ነው። መርማሪው የደንበኛን መዋጮ ለይቶ ሊቀንስ የሚችለው መዋጮው በመዝገብ ተለይቶ ተጽፎ ሲያገኘው ብቻ ነው።

ከሒሳብ ንጽሕና አንጻር ሦስተኛው መንገድ የተሻለ ነው። አንድ ያልተመለሰ ነገር ግን ይተዋል። ለዚህ ትራንስፎርመር በታሪፍ የተሰበሰበ ገንዘብ ስለሌለ ዕድሜውን ሲጨርስ መተኪያውን ማን ይገዛል? ማኅበሩ እንደገና ያዋጣ? ወይስ ድርጅቱ ከአጠቃላይ ገቢው ይተካ? ይህን መዝገቡ ብቻውን አይመልሰውም። በውል መጻፍ አለበት። ያለጊዜው ሲቃጠል የሚሆነውና ዕድሜውን ጨርሶ ሲቆም የሚሆነውም ተለይተው መጻፍ አለባቸው።

ማኅበሩ በበኩሉ በራሱ መዝገብ ምን መጻፍ ይኖርበታል? አንድ ማኅበር ብዙ ገንዘብ ያወጣበትን ትራንስፎርመር እንደ መጋዘኑና እንደ ሚዛኑ የማኅበሩ ንብረት ብሎ ለመመዝገብ ቢፈልግ አይፈረድበትም። የደረጃው ጥያቄ ግን ማን ከፈለ ሳይሆን ማን ይቆጣጠራል የሚል ነው። ትራንስፎርመሩን ከፍቶ የሚዘጋው፣ ሌላ ደንበኛ ከእርሱ ላይ የሚያገናኘው፣ ነቅሎ በሌላ የሚለውጠው የመብራት ድርጅቱ ከሆነ ቁጥጥሩ የድርጅቱ ነው። ማኅበሩ የያዘው አገልግሎት የማግኘት መብት ነው፤ የከፈለውም ለዚሁ ነው። ይህን ሳይለዩ ትራንስፎርመሩን በማኅበሩ ካፒታል ላይ መደመር አባላት ዕጣ ሲካፈሉ ወይም አንድ አባል ድርሻዬን ስጡኝ ብሎ ሲወጣ ጠብ ያመጣል። የሌለ ንብረት አይካፈልምና። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የማኅበራት ሒሳብ በየዓመቱ የሚመረመር በመሆኑ ስሕተቱ ውሎ አድሮ መታወቁ አይቀርም። በአንጻሩ ፓምፑ፣ ቧንቧውና ከቆጣሪው በኋላ ያለው ሽቦ የማኅበሩ ነው። በማኅበሩ መዝገብ ተጽፎ የእርጅና ቅናሽ ሊሰላለት የሚገባው እርሱ ነው።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ የኋላ መጥ ጉዳይ አለ። 30 ሰዎች ባዋጡት ትራንስፎርመር ላይ በሦስተኛው ዓመት አንድ የዶሮ እርባታ ወይም የጎረቤት ማሳ ባለቤት ቢገናኝ ምን ይደረጋል? በእንግሊዝ አገር በተወሰኑ ዓመታት ውስጥ የሚገናኘው ሁለተኛው ሰው ከመጀመሪያው ከፋይ ወጪ ላይ ድርሻውን እንዲመልስ የሚያዝ ደንብ አለ። ማኅበራት ውል ሲፈራረሙ ተመሳሳይ አንቀጽ እንዲገባላቸው መጠየቅ ይችላሉ። ባይፈቀድላቸው እንኳ መጠየቁ ራሱ ሌላ ደንበኛ እንደሚጨመር አስቀድሞ ያስታውቃቸዋል። አራት ፓምፕ የሚያነሣ ትራንስፎርመር ሰባት ሲጨመርበት የሚቃጠለው ሽንኩርት ውኃ በጠማው ሰሞን ነውና።

እስከዚህ የተባለው በማኅበሩ ደጃፍ ስላለው ንብረት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የኃይል ማመንጫዎቹ ሒሳብ በጅምላ ዋጋ አማካይነት እስከ ገበሬው ቆጣሪ ድረስ ይመጣል። ከእርሱም ከባዱ የውጭ ምንዛሪ ዕዳ ነው። በአዳማ ኮረብታዎች ላይ የሚሽከረከሩት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ በ2004 ዓ.ም. የተጠናቀቀው አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት ሲሆኑ የተሠሩት ከቻይና በተገኘ ብድር ነው። በውጭ ገንዘብ የተወሰደ ዕዳ በየዓመቱ መጨረሻ በዕለቱ ምንዛሪ እንደገና ወደ ብር ተሰልቶ እንዲጻፍ ደረጃው ያዛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። አንድ ሚሊዮን ዶላር ያለበት ድርጅት አንድም ዶላር ሳይጨምር ዕዳው ከ57 ሚሊዮን ወደ 100 ሚሊዮን ብር ከፍ አለ። ልዩነቱ 43 ሚሊዮን ብር በዓመቱ ኪሳራ ሆኖ ይመዘገባል። በዚያ ዓመት አንድም አምፖል አልጠፋ፣ አንድም ምሰሶ አልወደቀ ይሆናል። ስለዚህ የመብራት ድርጅት ከሰረ ሲባል ኪሳራው ከምንዛሪ ነው ወይስ ከሥራው ድካም ብሎ ለይቶ መመልከት ይገባል። ሁለቱ መድኃኒታቸው አንድ አይደለም።

ለባቱ ሰው ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ አሉቶ ነው። ከሐይቁ በስተደቡብ ባለው በዚህ ተራራ ላይ በ1970ዎቹ ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገሪቱ የመጀመሪያው የሆነ 7 ሜጋ ዋት ገደማ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ተተከለ። ማመንጫው በጉድጓዶቹና በመሣሪያዎቹ ችግር ምክንያት ደጋግሞ ቆሟል፤ በኋላም ለማስፋፊያ አዳዲስ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። በደረጃው መሠረት አንድ ንብረት የሚጠበቅበትን ሳይሰጥ የቀረ እንደሆነ በመዝገብ የተጻፈው ዋጋ ሊያስገኝ ወደሚችለው ዋጋ ዝቅ መደረግ አለበት፤ የተቀነሰውም ኪሳራ ተብሎ ይገለጻል። ይህን ማድረግ ለማንኛውም ሥራ አስኪያጅ ደስ አይልም። ያልተቀነሰ ጊዜ ግን የማይሠራ ማሽን በየዓመቱ እንደሚሠራ ተቆጥሮ የእርጅና ቅናሹ ይሰላል። ለዚያ ወጪ የሚከፍለው ደግሞ የሚሠራው ክፍል ደንበኛ ነው።

በቅድሚያ ክፍያ ቆጣሪ የሚጠቀም ሰው ካርዱን ሞልቶ ሰኔ 30 ላይ ያልተጠቀመበት ኃይል ቢኖረው ያ ገንዘብ የድርጅቱ ገቢ ሳይሆን ዕዳ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ተጠቅሞ ያልከፈለ ማኅበር በድርጅቱ መዝገብ ተሰብሳቢ ሒሳብ ሆኖ ይጻፋል። ዛሬ በሚሠራበት ደረጃ ድርጅቱ ዕዳው እስኪበላሽ ሳይጠብቅ ላይሰበሰብ የሚችለውን ከወዲሁ ገምቶ በወጪ መያዝ አለበት። ይህም ወጪ በመጨረሻው በሌሎች ከፋዮች ላይ ያርፋል። ሽንኩርት ዋጋው በወደቀበት ዓመት የመብራት ሒሳብ ማዘግየት የሚገባን ነገር ቢሆንም፣ ዝም ብሎ ከመቅረት ይልቅ በጽሑፍ የክፍያ ጊዜ ማስወሰን ለሁለቱም መዝገብ ይጠቅማል።

በተግባር ረገድ የማኅበራት መሪዎች ከመዋጮው በፊት ሊይዙት የሚገባው ወረቀት ብዙ አይደለም። የዋጋ ግምቱ የምሰሶው፣ የሽቦው፣ የትራንስፎርመሩና የጉልበቱ ተለይቶ እንዲጻፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። በጅምላ አንድ ቁጥር ብቻ የሰፈረበት ወረቀት በኋላ ለእርጅና ስሌትም ለክርክርም አይመችም። ገንዘቡ በማኅበሩ ስም ገቢ መሆኑን የሚያሳይ ደረሰኝ ሊኖር ይገባል፤ በሊቀ መንበሩ ወይም በገንዘብ ያዡ የግል ስም የተቆረጠ ደረሰኝ የማኅበሩን መዋጮ የግለሰብ ያደርገዋል። ሥራው ሲያልቅ ርክክብ በጽሑፍ ይፈጸም፤ ንብረቱ በድርጅቱ የንብረት መዝገብ ስለመግባቱና መተኪያው በማን እንደሆነ በዚያው ወረቀት ይስፈር። አሮጌ ትራንስፎርመር ተነቅሎ በሌላ ቢተካም የተነቀለው ወዴት እንደሄደ መጻፍ አለበት። ዕቃው ከቦታው ከሄደ በኋላ በቀድሞው ቀበሌ ስም በመዝገብ ተቀምጦ ቢቀር በቁጥር ሁለት፣ በምሰሶ ላይ አንድ ይሆናል።

በየትራንስፎርመሩ ሆድ ላይ ትንሽ የብረት ሳህን ተለጥፏል። አቅሙ በኪሎ ቮልት አምፔር፣ የተሠራበት ዓመትና የፋብሪካ ቁጥሩ የተጻፉት እዚያ ላይ ነው። ቁጥሩን በማኅበሩ ቃለ ጉባዔ ላይ መገልበጥ የሚቀለው ዕቃው ገና ከመኪና ወርዶ መሬት ላይ እንዳለ ነው። ምሰሶ ላይ ከወጣ በኋላ ሳህኑን ለማንበብ መሰላል፣ ለመሰላሉም ፈቃድ ያስፈልጋል።